የሆኪ ዝውውር ሰሞን ያለ ፓክፒዲያ አይታይም

ዛሬ ስለ ፓክፒዲያ ልጽፍ ነው። የኤንኤችኤል፣ ማለትም የሰሜን አሜሪካው የበረዶ ሆኪ ሊግ፣ ተጫዋቾችን ውልና ደመወዝ አንድ በአንድ ዘርዝሮ የሚያሳይ ድረ ገጽ ነው። የሚታየው በነፃ ነው። ማስታወቂያ አለው፣ በነፃ ለሚታይ ነገር ያንን መቻል ነው። እኔ የምኖረው ኤድመንተን ነው። እዚህ ከተማ ሆኪ ሳያዩ መኖር ይቻላል፣ ስለ ሆኪ ሳይሰሙ መዋል ግን የሚሆን አይደለም። ሥራ ቦታ፣ ባቡር ውስጥ፣ ፀጉር ቤት፣ ወሬው ሁሉ የከተማው ክለብ ኦይለርስ ነው። ውድድሩ ሲያልቅ ደግሞ ወሬው ወደ ገንዘብ ይዞራል። ማን ይቆያል? ማን ይሄዳል? ስንት ጠየቀ? ስንት ሰጡት? እንደዚህ ዓይነት ወሬ ውስጥ ዝም ብሎ መቀመጥ ለማይሆንለት ሰው ይሄ ገጽ ይጠቅመዋል።

ከመጀመሬ በፊት፣ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ገንዘቡም የአሜሪካ ዶላር ነው። የካናዳ ክለቦችም ለተጫዋቾቻቸው የሚከፍሉት በአሜሪካ ዶላር ነው፣ ምንዛሪው ሲወጣ ሲወርድ አሳሩን የሚያየው ባለቤቱ ነው።

እግር ኳስ ለለመደ ሰው ነገሩ መጀመሪያ ግር ይላል። እኛ የለመድነው አርሰናል ለእገሌ ስንት ከፈለ፣ ቼልሲ ስንት ከፈለ የሚለውን ነው። ክለብ ለክለብ ይከፍላል። ተጫዋቹ በሳምንት ስንት እንደሚያገኝ ግን ብዙ ጊዜ ጋዜጣ የገመተውን ነው የምናወራው። ኤንኤችኤል ውስጥ ተገላቢጦሽ ነው። የዝውውር ክፍያ ብሎ ነገር የለም። ክለቦች ተጫዋች በተጫዋች ይለዋወጣሉ፣ ወይም የድራፍት ተራቸውን፣ ማለትም በየዓመቱ አዳዲስ ወጣቶችን የሚመርጡበትን ተራ፣ ይሰጣሉ። ደመወዙ ግን እስከ መጨረሻዋ ዶላር አደባባይ ላይ ነው። የጎረቤትህን ደመወዝ አታውቅም፣ የኦይለርስን አራተኛ መስመር አጥቂ ደመወዝ ግን ቡና እየጠጣህ ታነባለህ።

ደመወዙ እንዲህ የሚቆጠረው ጣሪያ ስላለው ነው። በ2004-05 ባለቤቶቹና ተጫዋቾቹ መስማማት አቅቷቸው የዓመቱ ውድድር እንዳለ ተሰረዘ። አንድም ጨዋታ አልተደረገም። ሲመለሱ የደመወዝ ጣሪያ ይዘው መጡ፣ አንድ ክለብ በዓመት ለተጫዋቾቹ በሙሉ ከዚያ በላይ ማውጣት አይችልም። የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ 39 ሚሊዮን ነበር። በ2024-25 88 ሚሊዮን ደረሰ። በ2025-26 95.5 ሚሊዮን ሆነ። ለ2026-27 የተነገረው 104 ሚሊዮን ነው። እንደ ቅርጫት ኳሱ ሀብታሙ ክለብ ቅጣቱን ከፍሎ ልለፍ ማለት አይችልም። ለረጅም ጊዜ በተጎዳ ተጫዋች በኩል የምትገኝ ትንሽ መተንፈሻ አለች፣ እሷም ብዙ ታጨቃጭቃለች፣ አሁን አልገባባትም። ቁም ነገሩ፣ ለአንዱ ሚሊዮን ከጨመርክ ከሌላው ትቀንሳለህ። ስለዚህ ደጋፊው ሁሉ የሂሳብ ሠራተኛ ሆኗል።

ሂሳቡን ለማየት ደግሞ ደብተሩን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። እዚህ ጋ ትንሽ ታሪክ አለ። መጀመሪያ ካፕጊክ የሚባል ገጽ ነበር። ማቲው ዉስት የሚባል የሃሊፋክስ ጋዜጠኛ ነበር የሚሠራው። ጋዜጠኛውም፣ ደጋፊውም፣ የክለብ ሰዎች ሳይቀሩ እዚያ ነበር የሚያዩት። ሰውየው ታመመና ገጹ በ2015 መጀመሪያ ተዘጋ፣ እሱም በዚያው ዓመት አረፈ። ከዚያ ካፕፍሬንድሊ መጣ። ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሁሉም ሰው እሱን ተጠቀመ። በ2024 ግን ዋሽንግተን ካፒታልስ፣ አዎ፣ ራሱ የኤንኤችኤል ክለብ፣ ገዛው። ጁላይ ላይ ለሕዝብ ተዘጋ። አንድ ክለብ ሁሉም የሚያነበውን ገጽ ገዝቶ ለብቻው ወሰደ ማለት ነው። ጉድ ነው መቼም። የዚያን ሰሞን ብዙ ሰው ወደ ፓክፒዲያ ጎረፈ፣ እኔም ከጎረፉት አንዱ ነኝ።

ገጹ እንዴት ነው የሚሠራው? የምትፈልጉትን ክለብ ስትከፍቱ የተጫዋቾቹ ስም ወደ ታች ተደርድሯል። ወደ ጎን ደግሞ ዓመቶቹ። በእያንዳንዱ ዓመት ሥር ያ ተጫዋች ከጣሪያው ላይ ስንት እንደሚበላ ተጽፏል። ውሉ የሚያልቅበት ዓመት ላይ ቁጥሩ ይቆምና ዩኤፍኤ ወይም አርኤፍኤ የሚል ምልክት ይመጣል (ትርጉማቸውን ወደ ታች እነግራችኋለሁ)። ነገር በዓይን ይገባል የሚባለው እንደዚህ ነው። የኛን ኦይለርስ ብትከፍቱ፣ ሌኦን ድራይሳይትል 14 ሚሊዮን፣ እስከ 2033 ድረስ ይሄዳል። ኤቫን ቡሻርድ 10.5 ሚሊዮን፣ አራት ዓመት። ኮነር ማክዴቪድ 12.5 ሚሊዮን፣ 2028 ላይ ይቆማል። አንድ መስመር ሳይነበብ የክለቡ ጭንቀት የት እንዳለ ይታያል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። እዚያ የሚታየው ቁጥር በዚያ ዓመት ኪሱ የሚገባው ገንዘብ አይደለም። የውሉ ጠቅላላ ገንዘብ ለዓመታቱ ሲካፈል የሚመጣው አማካይ ነው። ትክክለኛው ክፍያ አንዱ ዓመት ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ሊል ይችላል። ትልልቆቹ ተጫዋቾች ደግሞ አብዛኛውን ገንዘብ በፊርማ ጉርሻ ይወስዳሉ። ያ ብዙውን ጊዜ ጁላይ 1 ላይ በአንድ ጊዜ የሚገባ ነው። ተጫዋቹ ላይ ጫን ብላችሁ ስትገቡ ይሄ ሁሉ ተዘርዝሮ ይገኛል። ወኪሉ ማን እንደሆነም አለ። ወኪሉን ማወቅ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል፤ አንድ ወኪል የያዛቸውን ተጫዋቾች ሰብስባችሁ ስታዩ ሰውየው ምን ዓይነት ውል እንደሚወድ ይገባችኋል፣ አጭር ይሁን ረጅም፣ ጉርሻ ይብዛበት አይብዛበት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ዩኤፍኤ እና አርኤፍኤ ያልኳቸው ነገሮች የዚህ ገበያ ነፍስ ናቸው። ዩኤፍኤ ማለት ሙሉ ነፃ ሰው ነው። ዕድሜው 27 የሞላ ወይም ሰባት ዓመት ሊጉ ውስጥ የቆየ ተጫዋች ውሉ ሲያልቅ ጁላይ 1 ላይ ወደ ፈለገው ይሄዳል። የቀድሞ ክለቡ ሳንቲም አያገኝም። አርኤፍኤ ደግሞ ገና ወጣቱ ነው። ውሉ አልቋል፣ ግን ክለቡ በደንቡ መሠረት አዲስ ውል ካቀረበለት መብቱ እጁ ላይ ይቆያል። ሌላ ክለብ ይሄን ልጅ ከፈለገ ኦፈር ሺት የሚባል የውል ጥያቄ ያቀርብለታል። ልጁ ከፈረመ ለክለቡ ሰባት ቀን ይሰጠዋል። ያንኑ ገንዘብ ከፍሎ ያስቀረዋል፣ ወይም ይለቀውና በምትኩ የድራፍት ተራ ይቀበላል። ስንት ተራ? እንደ ገንዘቡ ነው። ገንዘቡ በደረጃ የተከፋፈለ ነው፣ ደረጃው በየዓመቱ ይሻሻላል።

የዚህን ነገር ጥፍር ያየነው እኛ ኤድመንተኖች ነን። ኦገስት 2024። ኦይለርስ የዋንጫው ፍጻሜ ላይ ሰባተኛ ጨዋታ ድረስ ሄዶ በፍሎሪዳ ተሸንፏል። የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ውሉ አልቆ ሄዷል። ጁላይ 1 ላይ ጄፍ ስኪነርን በ3 ሚሊዮን፣ ቪክቶር አርቪድሰንን በዓመት 4 ሚሊዮን አስፈርመው ከተማው ጨፍሯል። ጣሪያው ግን ሞላ። ሁለት ልጆች ሳይፈርሙ ቀርተው ነበር፣ ፊሊፕ ብሮበርግና ዲላን ሆሎዌይ። ሁለቱም ክለቡ ራሱ በመጀመሪያው ዙር የመረጣቸው ናቸው። ማንም አልተጨነቀም። አርኤፍኤ ናቸዋ፣ የት ይሄዳሉ ተባለ።

ኦገስት 13 ላይ ሴንት ሉዊስ ብሉስ ለሁለቱም በአንድ ቀን ጥያቄ አቀረበ። ለብሮበርግ በዓመት 4,580,917 ዶላር። ለሆሎዌይ በዓመት 2,290,457 ዶላር። ሁለቱም ለሁለት ዓመት።

ቴሌቪዥኑ ይሄን «4.6 እና 2.3 ሚሊዮን» ብሎ አለፈው። ፓክፒዲያን የከፈተ ሰው ግን ሌላ ነገር ነው ያየው። ቁጥሮቹ ለምን እንደዚህ ተቆራርጠው መጡ? የዚያን ዓመት የካሳ ሰንጠረዥ ስታዩት መልሱ እዚያው ተቀምጧል። እስከ 2,290,457 ድረስ ካሳው አንድ የሦስተኛ ዙር ተራ ነው። እስከ 4,580,917 ድረስ አንድ የሁለተኛ ዙር ተራ። ከዚያ አንዲት ዶላር ካለፈ የመጀመሪያ ዙርና የሦስተኛ ዙር ተራ ሊከፍሉ ነው። ብሉሶች የደረጃዋን ጫፍ ነክተው፣ ሳያልፏት ቆሙ። ለተጫዋቾቹ ከገበያው በላይ ገንዘብ ሰጡ፣ ለኦይለርስ ግን የሚችሉትን ያህል ትንሽ ካሳ። እንዲህ ዓይነቱን ተንኮል በ«4.6» አታዩትም። እስከ መጨረሻዋ አሃዝ ማንበብ ያስፈልጋል።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ስታን ቦውማን ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ ገና ሦስት ሳምንት ገደማ ነበር። ኦገስት 20 ላይ ሁለቱንም ለቀቀ። ተቀጥላ የሆነ ትንሽ ልውውጥም አደረጉ፣ አንድ ወጣት ተከላካይና የ2028 የሦስተኛ ዙር ተራ ወደ ኤድመንተን መጣ። ሆሎዌይ በመጀመሪያ ዓመቱ ሴንት ሉዊስ 26 ጎል አገባ፣ ያገባውና ለጎል ያቀበለው ሲደመር በጠቅላላው 63 ነጥብ። ብሮበርግ ቋሚ ተከላካይ ሆነ። እዚህ እስካሁን በዚህ ጉዳይ የሚጣላ ሰው አይጠፋም። የኔ ሐሳብ ቀላል ነው፤ ሰኔ ላይ ትንሽ ጨምረው ልጆቹን ቢያስፈርሙ ኖሮ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ይባል ነበር። የሽማግሌዎቹን ፊርማ አስቀደሙ። ያም ሆኖ ክለቡ በ2025 እንደገና ፍጻሜ ደርሶ እንደገና በፍሎሪዳ ተሸነፈ፣ ስለዚህ ክርክሩ የሚያልቅ አይደለም።

ኦፈር ሺት ብርቅ ነገር ነው፣ ሥራ አስኪያጆች እርስ በርስ ይፈራራሉ። ሲመጣ ግን ቂም ይዞ ነው የሚመጣው። በ2019 ሞንትሪያል ለካሮላይናው ሴባስቲያን አሆ የአምስት ዓመት ጥያቄ አቀረበ። ካሮላይና ከፍሎ አስቀረው። በ2021 ካሮላይና ዞሮ የሞንትሪያሉን የስፐሪ ኮትካኒየሚን ጠየቀ፣ የአንድ ዓመት፣ 6,100,035 ዶላር። የፊርማ ጉርሻው ስንት ቢሆን ጥሩ ነው? ሃያ ዶላር። ሃያ ሚሊዮን አላልኩም፣ ሃያ ዶላር! የአሆ የመለያ ቁጥር 20 ነው። በቀሉን ውሉ ላይ ጽፈው ላኩት። ሞንትሪያል ልጁን ለቀቀው። እኔ ይሄን ታሪክ በነገርኩት ቁጥር የሚስቅ ሰው አላጣም፣ ውሉን ግን ከፍቶ በዓይኑ ካላየ የሚያምን የለም።

እንግዲህ የዚህ ገጽ ጥቅሙ ይሄ ነው። ለምን ያንን ቁጥር እንደጻፉት ያሳያችኋል። የእህቴ ልጅ አንድ ቀን የፒትስበርጉን ኮከብ የሲድኒ ክሮስቢን ገጽ ከፍቶ ላፕቶፑን ይዞ መጣ።

«አጎቴ፣ ክሮስቢ ለምንድነው ሁልጊዜ 8.7 የሚፈርመው?»

«ሁልጊዜ?»

«እየው። በ2007 8.7። ቀጥሎ አሥራ ሁለት ዓመት የፈረመው 8.7። አሁን ሁለት ዓመት የጨመረውም 8.7።»

«መለያው ስንት ነው?»

«87... ኧረ በለው!»

«የተወለደበትንም እይ እንግዲህ።»

ኦገስት 7፣ 1987። ልጁ ለሳምንት ያህል ያገኘውን ሁሉ ሲጠይቅ ነበር። ይሄ ልጅ እዚህ ነው የተወለደው፣ አማርኛ የሚሰማው ሲመቸው ነው፣ ስለ ሆኪ ውል ግን በአማርኛ ይከራከረኛል። ለኔ ይሄ ብቻውን ኮከብ ያሰጠዋል።

እሱ በብዛት የሚውለው ፓክጂኤም የሚባለው ክፍል ላይ ነው። ራስህ ሥራ አስኪያጅ ሆነህ ክለቡን የምታፈርስበትና የምትገነባበት ቦታ ነው። ተጫዋች ትለዋወጣለህ፣ ታስፈርማለህ፣ ጣሪያው ከላይ እየቆጠረ ያሳይሃል። ትልቅ ሰውም ይጫወትበታል፣ አልደብቅም። ግን አንድ ነገር አትርሱ፣ ወረቀት ላይ ያለው ሁሉ እሺ አይልም። ብዙ ትልልቅ ተጫዋቾች ያለ ፈቃዳቸው እንዳይዛወሩ የሚከለክል አንቀጽ ውላቸው ውስጥ አለ። ሚች ማርነርን አስታውሱ። በ2025 መጋቢት አካባቢ ቶሮንቶ ሊያዛውረው ሲያስብ ያንን አንቀጽ አልለቅም አለ። ቶሮንቶ ምንም ማድረግ አልቻለም። ውሉ ሊያልቅ ሲል ቬጋስ ወሰደው፣ ስምንት ዓመት፣ በዓመት 12 ሚሊዮን።

እዚህም ላይ ገጹን ያየ ሰው ብቻ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። ማርነር ጁላይ 1 ላይ በነፃ መሄድ ሲችል ለምን መጀመሪያ ከቶሮንቶ ጋር ፈርሞ ከዚያ ተዛወረ? ስምንተኛው ዓመት ነው ነገሩ። ከሌላ ክለብ ጋር በነፃ የሚፈርም ሰው ቢበዛ ሰባት ዓመት ነው የሚያገኘው። ስምንት የሚሰጠው የራሱ ክለብ ብቻ ነው። ስለዚህ ቶሮንቶ አስፈረመውና አሳልፎ ላከው፣ በምትኩ ኒኮላ ሩዋን አገኘ። ባዶ እጅ ከመቅረት ይሻላል። ይሄ መንገድ ግን ሊጠብ ነው። በአዲሱ የሊጉና የተጫዋቾቹ ስምምነት መሠረት ከሴፕቴምበር 2026 ጀምሮ የራስ ክለብ ሰባት፣ ሌላው ስድስት ዓመት ይሆናል።

ከቬጋስ ጋር የተያያዘ ሌላ ነገር፣ ከጣሪያው ላይ የሚታየው 12 ሚሊዮን የትም 12 ሚሊዮን ነው፣ ኪስ ሲደርስ ግን አይደለም። ኔቫዳ፣ ፍሎሪዳ፣ ቴክሳስና ቴነሲ የግዛት የገቢ ግብር የላቸውም። ቶሮንቶና ሞንትሪያል የሚኖር ሰው ግብሩን ያውቀዋል፣ እኔ አልነግረውም። ስለዚህ ሁለት ክለቦች አንድ ዓይነት ቁጥር ሲያቀርቡ አንድ ዓይነት ያቀረቡ እንዳይመስላችሁ።

ውል ማፍረሻ ማስያውን ሳልጠቅስ አላልፍም። ለኔ የገጹ ምርጥ ክፍል ነው። ክለብ አንድን ተጫዋች ካልፈለገው ውሉን ገዝቶ ሊያሰናብተው ይችላል። 26 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የቀረውን ደመወዝ ሁለት ሦስተኛ ይከፍለዋል፣ ክፍያው ግን በቀሩት ዓመታት እጥፍ ይዘረጋል። ሦስት ዓመት ከቀረው ስድስት ዓመት ሙሉ ስሙ ጣሪያው ላይ ተጽፎ ይቆያል። ሰውየው ሌላ ክለብ ሄዶ ይጫወታል፣ አንተ እዚህ ትቆጥራለህ። ያ ቅድም ያነሳሁት ጄፍ ስኪነር እንደዚህ ነው የመጣው፣ ቡፋሎ የስምንት ዓመት ውሉ ሦስት ዓመት ሲቀረው አፈረሰው።

ዋናው ምሳሌ ግን ሚኒሶታ ነው። ጁላይ 4፣ 2012 ላይ ዛክ ፓሪዜና ራያን ሱተር በአንድ ቀን ፈረሙ። እያንዳንዳቸው 13 ዓመት፣ 98 ሚሊዮን። አንድ ዓይነት ቁጥር፣ አንድ ቀን። በ2021 ክለቡ ሁለቱንም በአንድ ቀን አሰናበታቸው። ውሉ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በገንዘብ ሞልቶ መጨረሻዎቹን ያሳሳ ስለነበር ማፍረሱ ራሱ ከባድ ሆነ፣ በ2023-24 እና በ2024-25 ለማይጫወቱ ሁለት ሰዎች ከጣሪያው ላይ 15 ሚሊዮን የሚጠጋ ሄደ። ያንን ክለብ የሚደግፍ ሰው ገጹን ሲከፍት ምን እንደሚሰማው አስቡት። ሸክሙ ሲቀልላቸው ነው ኪሪል ካፕሪዞቭን በሴፕቴምበር 2025 ስምንት ዓመት፣ 136 ሚሊዮን ያስፈረሙት። በዓመት 17 ሚሊዮን ማለት ነው፣ በሊጉ ታሪክ እስከዚያ ያልነበረ።

ኒውዮርክ አይላንደርስ ደግሞ ለቀድሞ በረኛቸው ለሪክ ዲፒየትሮ በየዓመቱ 1.5 ሚሊዮን ይከፍላሉ። ውሉን ያፈረሱት በ2013 ነው። ክፍያው የሚያልቀው በ2029። ጣሪያቸው ላይ አይቆጠርባቸውም፣ የዚያን ጊዜ የተለየ ፈቃድ ስለነበረ፣ ገንዘቡ ግን ይወጣል። ጡረታ ይሏል እንደዚህ ነው።

ቴሌቪዥኑስ? ጁላይ 1 ላይ ቲኤስኤንም ስፖርትስኔትም ቀኑን ሙሉ ልዩ ዝግጅት አላቸው። ገበያው የሚከፈተው በምሥራቁ ሰዓት ቀትር ላይ ነው፣ እዚህ ኤድመንተን ጠዋት አሥር ሰዓት በፈረንጆቹ። ከሰዓቱ በፊት መፈራረም አይቻልም፣ ሰዓቱ በሞላ በደቂቃዎች ውስጥ ግን የሰባት ዓመት ውል ያልቃል። ሰባት ዓመት በአምስት ደቂቃ የተደራደረ ሰው ካለ አሳዩኝ። ዝግጅቱ መጀመሪያ ሰዓት ላይ ይጥማል። ከዚያ በኋላ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሰዎች ስልካቸውን እያዩ ዝም ይላሉ፣ እኛም እነሱን እያየን ዝም እንላለን። የባሰው የዚያኑ ቀን ማታ የሚሰጠው ፍርድ ነው፣ አሸናፊው እገሌ፣ ተሸናፊው እገሌ። በ2024 ናሽቪል ስቲቨን ስታምኮስን፣ ጆናታን ማርሸሶንና ብሬዲ ሼይን በአንድ ቀን አስፈረመ። በድምሩ 108.5 ሚሊዮን። ሁሉም የቀኑ አሸናፊ ብሎ ዘውድ ደፋለት። ናሽቪል በዚያ ዓመት የዋንጫው ጥሎ ማለፍ ውስጥ እንኳን አልገባም። የሦስቱ ውል ግን ገጹ ላይ ነው፣ የሼይ እስከ 2031።

የማየው በኢንተርኔት ጥቅል ነው፣ የድርጅቱን ስም አልጠራም፣ ልክ ሰዓቱ ሲሞላ መሽከርከር የሚወድ ነው። ስለዚህ ቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀንሼ ከጎን አደርገዋለሁ፣ ዓይኔ ያለው ገጹ ላይ ነው። ፊርማ ሲሰማ ወዲያው ክለቡ ውስጥ ገብቼ ስንት ቀራቸው እላለሁ። ጨዋታው ያን ጊዜ ነው የሚጀምረው፣ የቀራቸው ገንዘብ ቀጣዩን ፊርማ ይነግራችኋላ።

ጉድለት የለውም አልልም። ቁጥር እንጂ ሰው አያሳያችሁም። ጉልበቱ የደከመ ተጫዋችና ደህናው አንድ ረድፍ ላይ እኩል 5 ሚሊዮን ተብለው ይቀመጣሉ። ጨዋታ ሳያይ ሰንጠረዥ ብቻ የሚያነብ ሰው አለ፣ ከሱ ጋር ክርክር አትግቡ። ምህጻረ ቃሉ ብዙ ነው፣ ለጀማሪ ከባድ ነው፣ በእንግሊዝኛ ብቻ መሆኑም እናቶቻችንን ያስቀራል (እናቴ የኦይለርስን በረኛ ከኔ በላይ ትሰድባለች፣ ደመወዙን ብታውቅማ!)። ከሁሉም በላይ ግን የምፈራው የካፕፍሬንድሊ ነገር እንዳይደገም ነው። አንድ ባለ ገንዘብ ክለብ ነገ ተነስቶ ቢገዛው እንደገና ሜዳ ላይ ነን። ሊጉ ራሱ ይሄን መረጃ ሰብስቦ ለደጋፊው ቢያወጣ ምን ነበረበት? ተጫዋች በየከተማው ሲገዛ ትኬት የምንቆርጠው እኛ ነን።

ከአምስት አራት ተኩል እሰጠዋለሁ። ግማሿን የያዝኩት ለዚያ ፍርሃቴ ነው።

አዲስ ከሆናችሁ በማክዴቪድ ረድፍ ጀምሩ። የፈረመው ሁለት ዓመት ብቻ ነው፣ በድሮው 12.5 ሚሊዮን፣ እሱ ዛሬ ቢጠይቅ ከካፕሪዞቭ በላይ የማይሰጠው ክለብ የለም። ለ2027-28 የተገመተው ጣሪያ 113.5 ሚሊዮን ነው። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ሳጥን ዩኤፍኤ ይላል። በስልክ የምታዩ ከሆነ ስልኩን አግድም አዙሩት፣ አለበለዚያ እዚያ ሳጥን ድረስ ለመድረስ ብዙ መግፋት አለባችሁ።